ከጥይቱ በፊት ደረሰኙ

ለኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለመከላከያ ሚኒስቴር፣ ለጉምሩክ ኮሚሽን፣ እንዲሁም ጊዜ ኖሮት ለሚያነብ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የሶማሊያን ሰላምና የእኛን ኬላዎች ይመለከታል

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ሥራዬ ትራንዚት ነው። የሰው ዕቃ ከወደብ ተነስቶ መጋዘን እስኪገባ ወረቀቱን የምከታተለው እኔ ነኝ። ዲክላራሲዮን እሞላለሁ፣ ቀረጥ እከፍላለሁ፣ ደረሰኝ በፋይል አስቀምጣለሁ። ዲፕሎማት አይደለሁም። ወታደርም ሆኜ አላውቅም። «ታዲያ ስለ ሶማሊያ ምን አገባህ?» ብትሉኝ ግን መልስ አለኝ።

ድሬ ላይ ሶማሊያ የውጭ ዜና አይደለችም። ሞቃዲሾ ላይ ቦምብ ሲፈነዳ እዚህ መጋላ ሰፈር ውስጥ ስልክ ይጨናነቃል። የአንዱ እህት እዚያ ናት። የሌላው አማች ሐርጌሳ ነው። የሦስተኛው አክስት ጅቡቲ ሱቅ አላት። ጥቅምት 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ሞቃዲሾ ዞቤ መገናኛ ላይ ፈንጂ የጫነ መኪና ፈንድቶ ከ500 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ እዚህ ሰፈራችን ለቅሶ የተቀመጠ ቤት ነበረ። ሄጄ ደርሻለሁ። ሐዘኑ ሳይወጣልን ዋጋውም ይመጣል። የዱቄት ወተቱ፣ ፓስታው፣ ሩዙ፣ ሽቶው ከወዲያ ማዶ ነው የሚነሳው። መንገዱ ሲዘጋ ቀፊራ ገበያ ላይ ወዲያው ይታወቃል።

የከተማችን ሽማግሌዎች ሌላም ትዝታ አላቸው። ነሐሴ 1969 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር እስከ ድሬ ደጃፍ ደርሶ ነበር። ከተማዋ አልወደቀችም። ግን የዚያን ጊዜ ልጅ የነበሩት ዛሬም አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲበር ቀና ይላሉ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ጥር ላይ ዚያድ ባሬ ወደቀ፣ ግንቦት ላይ ደርግ ወደቀ። እኛ ጋ አንዱ መንግሥት ሄዶ ሌላው ገባ። እነሱ ጋ የሄደው ሄደና ወንበሩ ባዶ ቀረ። ጠንካራው ጎረቤት አንዴ ወግቶናል። ባዶው ወንበር ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያስከፍለን ኖሯል፤ በስደተኛ፣ በኮንትሮባንድ፣ በጦር መሣሪያ፣ በልጆቻችን ሕይወት። ስለዚህ የሶማሊያ መንግሥት ቢጠነክር ለእኛ ያሰጋል የሚል ሰው ካለ፣ ድሬ መጥቶ አንድ ዓመት ይኑር እላለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ሠራዊታችን ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ሶማሊያ ገባ፣ ጥር 2001 ዓ.ም. ወጣ፣ ጥር 2006 ዓ.ም. ደግሞ በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር ሆነ። ተልዕኮው አሚሶም ተባለ፣ ከዚያ አትሚስ ተባለ፣ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አውሶም ሆኗል። ስሙ ይቀያየራል፤ የወታደሩ ሥራ ያው ነው። ከተማ ያስለቅቃል፣ ይጠብቃል፣ አንዳንዱም አይመለስም። በዚህ ላይ የምለው የለኝም። ክብር ይገባቸዋል። የእኔ ጥያቄ ከተማው ከተለቀቀ በኋላ ያለውን ማለዳ ይመለከታል። በማግሥቱ ጠዋት መንገዱ ላይ ገመድ የሚዘረጋው ማነው? ከሾፌሩ ስንት ይቀበላል? ደረሰኝ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም?

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የአልሸባብ ጉልበት ግማሹ እዚህ ላይ ነው ያለው።

እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁላችንም በሶማሊኛ «ኤዶ»፣ አክስት፣ ነው የምንላቸው። አሁን ጨርቅና ሽቶ ይሸጣሉ። ከዚያ በፊት ባካራ ገበያ፣ ሞቃዲሾ፣ ለዓመታት ነግደዋል። አንድ ቀን ስለ ሥራ ስናወራ ስልካቸውን ከፈቱና የዘመዳቸው መኪና በደቡብ ሶማሊያ መንገድ ላይ ለአልሸባብ የከፈለበትን ወረቀት ፎቶ አሳዩኝ። የሥራዬ ነገር ነውና ጠጋ ብዬ አየሁት። ቀን አለው። የሰሌዳ ቁጥር አለው። የዕቃው ዓይነትና መጠን ተጽፏል። የተከፈለው ገንዘብ በዶላር ሰፍሯል። ከታች ፊርማ አለ። «ይህን ይዞ እስከ መጨረሻው ኬላቸው ድረስ ማንም አይነካውም» አሉኝ። ከዚያ የመንግሥት ወታደር ያለበትን መንገድ ነገሩኝ። አንዱ ኬላ ላይ ይከፈላል፤ ትንሽ ሄድ ብሎ ሌላው ላይ ይከፈላል፤ ሦስተኛው «የፊተኞቹን አላውቃቸውም» ይላል። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ሌሊት ከሆነ ዋጋው ይጨምራል።

«ታዲያ የቱ ይሻላል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ወላሎ (ወንድሜ)፣ ሁለቱም ሌባ ናቸው» አሉኝ። «አንደኛው ግን አንዴ ነው የሚሰርቅህ።»

ይህ የእሳቸው ወሬ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎችም የአልሸባብን የኬላ ግብርና ደረሰኝ በሪፖርቶቻቸው ዘግበውታል። ሞቃዲሾ ወደብ የሚገባ ኮንቴይነር ላይ ሳይቀር ቡድኑ ግብር እንደሚያስከፍል ጽፈዋል። አስቡት። ወደቡ የመንግሥት ነው፣ ጉምሩኩም የመንግሥት ነው። የዕቃው ዝርዝር ግን ጫካ ላለው ቡድን ይደርሳል። ነጋዴው ስልክ ይደወልለታል፤ ስንት ካርቶን እንዳስገባ ከእሱ በላይ ያውቃሉ። ይህ ያለ ውስጥ ሰው አይሆንም። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝና ማኒፌስት፣ የጭነት ዝርዝሩ ማለቴ ነው፣ በንፋስ እንደማይበር አውቃለሁ። የአሜሪካ ግምጃ ቤት የአልሸባብ ገቢ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው ይላል። ያ ገንዘብ ፈንጂ ይገዛል፣ ተዋጊ ያበላል፣ ሰላይ ይቀጥራል።

ፍርድ ቤቱም እንዲሁ ነው። ሞቃዲሾ ውስጥ ቤቱን የተቀማ ሰው በመንግሥት ፍርድ ቤት ተራ ይዞ ይከርማል፤ ባላጋራው ዳኛውን ካገኘው አበቃ። ስለዚህ ከከተማ ወጥቶ አልሸባብ ወደሚያስችልበት ቦታ ይሄዳል። አብሮት የሚሄደው ደግሞ አንዳንዴ የመንግሥት ደመወዝ የሚበላ ሰው ነው። እዚያ ጉቦ የለም፣ ውሳኔው ቶሎ ይሰጣል፣ ውሳኔውን ያልፈጸመ ደግሞ ምን እንደሚደርስበት ያውቃል።

አልሸባብን እያመሰገንኩ አይደለም፤ ይህ ግልጽ ይሁንልኝ። ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጥይት አለ። ያልከፈለ ይገደላል። ግመል ይነጥቃሉ፣ ልጅ ይወስዳሉ። በ2003 ዓ.ም. ድርቁ በጠና ጊዜ የእርዳታ ድርጅቶችን ከልክለው ሕዝቡ እንዴት እንዳለቀ ረስተን ከሆነ፣ ቁጥሩ ወደ 260 ሺህ ሰው ነው፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን። እንደዚህ ያለ ቡድን ሰው ወዶት አይደለም የሚገዛው። ሰው የሚገዛለት ሌላኛው ወገን የባሰ ዝርክርክ ስለሆነበት ነው። እኔን የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። ነፍሰ ገዳይ ቡድን ከአንድ ሕጋዊ መንግሥት ይልቅ የተሻለ መዝገብ ሲይዝ!

መንግሥቱ ጋ የነበረውን ደግሞ እንየው። በ2004 ዓ.ም. የወጣ የተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪዎች ሪፖርት፣ የዚያን ጊዜው የሽግግር መንግሥት ከተቀበለው ከየ10 ዶላሩ 7ቱ ወደ መንግሥት ካዝና አልገባም አለ። ሰባቱ! በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ የነበሩት ዩሱር አብራር በሰባት ሳምንት ሥልጣናቸውን ጥለው ወጡ፤ ሕሊናቸውን የሚጎዳ ነገር ላይ ፈርሙ መባላቸውን ገልጸው ነው የለቀቁት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንል ሕዝቦች ነን። ሴትዮዋ ሳይበሉ ሄዱ። ሐውልት ሊቆምላቸው ሲገባ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው እንኳ ጥቂት ነው።

ወታደሩ ጋ ሲደርስ ነገሩ ይመራል። አሠራሩ እንዲህ ነበረ። አዛዡ የስም ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ገንዘቡ በጥሬው ይሰጠዋል። ዝርዝሩ ላይ የሞተ አለ፣ የከዳ አለ፣ ጭራሽ ያልተወለደም አለ። የሌለው ሰው ደመወዝ አዛዡ ኪስ ይቀራል። ያለው ሰው ደመወዝም ተቆንጥሮ ይደርሰዋል፤ ሳይደርሰውም ወራት ያልፋል። ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. አሜሪካኖች የምግብና የነዳጅ ድጋፋቸውን ለአብዛኛው የሶማሊያ ጦር ያቆሙት የት እንደሚገባ ማረጋገጥ ስላቃታቸው ነበር።

አሁን እስቲ ያንን ወታደር ሁኑ። ሞቃዲሾ ልጆች አሏችሁ። ክላሽ ይዛችኋል። ደመወዝ የለም። ፊት ለፊታችሁ መኪና የሚያልፍበት መንገድ አለ። ምን ታደርጋላችሁ? ገመድ ትዘረጋላችሁ። ሾፌሩ ሳይወድ ይከፍላል። በሚቀጥለው ጉዞው ደረሰኝ ወደሚሰጡት መንገድ ይዞራል። በዚህ መንገድ አልሸባብ ያለ አንድ ጥይት ግብር ከፋይ አገኘ ማለት ነው።

ደግነቱ መላ የለውም የሚባል ችግር አይደለም። ሞቃዲሾ ውስጥ ወታደሩን በጣት አሻራ መዝግበው ደመወዙን ቀጥታ በባንክ ሒሳቡ ማስገባት ሲጀምሩ፣ የሙት ስም ከዝርዝሩ መውደቅ ጀመረ። ይህን የሠሩት የሒሳብ ሰዎች ናቸው። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሶማሊያ የ4.5 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ተሰረዘላት። በ2018 እ.ኤ.አ. የአገሪቱን ዓመታዊ ምርት 64 በመቶ ያክል የነበረው የውጭ ዕዳ ከ6 በመቶ በታች ወረደ። ይህ በልመና የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ለዓመታት ገቢና ወጪ መዝግቦ ማሳየት ጠይቋል። እኛ ሚዲያ ላይ ይህ ዜና የአንድ ቦምብ ያህል ቦታ አላገኘም። እኔ ግን ከብዙ የጦር ሜዳ ድል በላይ ነው የማየው።

የጦር ሜዳ ድሉማ ሲመለስ አይተናል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ መካከለኛው ሶማሊያ፣ ሂራን ላይ ሕዝቡ ራሱ ተነሳ። ሽርጥ ያገለደሙ አርብቶ አደሮች፣ ማዊስሌ የሚባሉት፣ አልሸባብ በቃን ብለው መሣሪያ አነሱ። ጦሩ ተቀላቀላቸው። በጥቂት ወራት ውስጥ ለዓመታት ያልተነካ አካባቢ ተለቀቀ። አዳን ያባል የምትባለው የአልሸባብ ጠንካራ ይዞታም ተያዘች። ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ላይ ግን አዳን ያባል ተመልሳ በአልሸባብ እጅ ገባች። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የጎሣ ጠብ አለበት፣ የፌዴራሉና የክልሎቹ ፀብ አለበት፣ የሰው ኃይል ማነስ አለበት። ግን ከተማ ተለቆ ዳኛ ካልመጣ፣ ሐኪም ካልመጣ፣ ግብር በሕግ የሚሰበስብ ጸሐፊ ካልመጣ፣ ሕዝቡ ከማን ጋር ይቁም? መሣሪያ ያነሳው ጎረምሳ ወደ ግመሉ ይመለሳል። አልሸባብ ደግሞ መዝገቡን አልጣለም፤ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ያውቃል።

ስለ ሶማሌላንድም ትንሽ ልበል። ወደብና ዕውቅና ውስጥ አልገባም፤ በታኅሣሥ 2016 ከሐርጌሳ ጋር የመግባቢያ ሰነዱ ተፈረመ፣ በታኅሣሥ 2017 ደግሞ አንካራ ላይ ከሞቃዲሾ ጋር ሌላ ወረቀት ተፈረመ፣ እሱ የእናንተ የቤት ሥራ ነው። እኔን የሚገርመኝ አነሳሳቸው ነው። ሐርጌሳ በ1980 ዓ.ም. በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላን የተደበደበች ከተማ ናት። ከዚያ የአገር ሽማግሌዎች ቡርዖ ላይ ተሰበሰቡና ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. ራሳቸውን ችለው እንደሚቆሙ አወጁ። እኛ ግንቦት 20 የምንለው በአሥር ቀን ዘግይቶ ነው የመጣው። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ቦረማ ላይ ለወራት ተቀመጡ። ለወራት! ዛፍ ሥር፣ አዳራሽ ውስጥ፣ የግመል ደም፣ የመሬት ጠብ፣ የተዘረፈ ዕቃ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ተነሳ። ያበላቸው የአካባቢው ሰውና የንግዱ ሰው ነው። ለጋሽ የሚባል ብዙም አልነበረም። ከዚያ ኢጋል ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ የበርበራ ወደብ ቀረጥ ወደ አንድ ካዝና መግባት ጀመረ፤ ታጣቂው መሣሪያውን እያስረከበ ደመወዝ ተቆረጠለት። ነጋዴው ግብር ስለከፈለ መጠየቅም ቻለ። ፍጹም አልሆኑም። በ2015 ዓ.ም. ላስ አኖድ ላይ የነበረውን ውጊያ ሁላችንም ሰምተናል፤ ስንቱ ወደ እኛ ሶማሌ ክልል ተሰዶ መጣ። ጥቅምት 2001 ዓ.ም. ሐርጌሳ ላይ በአንድ ቀን ከተጠቁት ውስጥ የእኛ የንግድ ጽሕፈት ቤትም ነበረበት። ቢሆንም ማታ ሐርጌሳ መንገድ ዳር የተደረደረውን የገንዘብ ክምር አይቶ የተመለሰ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። መደብ ላይ በጨርቅ ሸፍነውት ለሶላት የሚሄዱ መንዛሪዎች አሉ፤ ማንም አይነካውም።

ሞቃዲሾ በኩል ያለው ሥልጣን አከፋፈል 4.5 ይባላል። በ1992 ዓ.ም. ጅቡቲ፣ አርታ ላይ በተደረገው ጉባኤ ሥራ ላይ የዋለ ነው። አራቱ ትልልቅ ጎሣዎች እኩል እኩል፣ የቀሩት ተደምረው የአንዱን ጎሣ ድርሻ ግማሽ። ድሬዎች ይህን ስንሰማ ፈገግ እንላለን። እኛም 40-40-20 የምትባል ቁጥር አለችን፤ የከተማው ሥልጣን ለኦሮሞ አርባ፣ ለሶማሌ አርባ፣ ለሌላው ሃያ በመቶ። ቁጥሯ ጠብ አብርዳለች የሚል አለ፤ እኔም አልክድም። ግን ቢሮ ገብተህ ጉዳይህን የሚጨርስልህ ሰው የማን ኮታ እንደሆነ እያሰብክ ስትቆም፣ ቁጥሯ ሰላም ታመጣ እንደሆነ እንጂ አገልግሎት እንደማታመጣ ትረዳለህ። ኮታ ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ይነግርሃል። የተቀመጠው ሰው ደረሰኝ ይቁረጥ አይቁረጥ አይነግርህም።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ።

ባለፈው ዓመት የማውቀው አንድ ሾፌር፣ ስሙን በማልጠራው ኬላ ላይ ማታ አራት ሰዓት ላይ ቆመ። የጫነው የምግብ ዘይት ነው። ወረቀቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቀረጡ ተከፍሏል፣ ኮንቴይነሩ ታሽጓል፣ የማሸጊያው ቁጥር ሰነዱ ላይ አለ። ፈታሹ በስልኩ መብራት ቁጥሩን አየና «ክፈተው» አለው። ነገሩ ሁላችሁም የምታውቁት ወጥመድ ነው። ማሸጊያውን ከከፈተ የሚደርስበት ጣቢያ ላይ ጉምሩክ ለምን ከፈትክ ይለዋል። ካልከፈተ እዚያው ያድራል። «ኃላፊውን ልጠይቅ» ሲል «ኃላፊው የለም»፤ «ሰነዱን በኮምፒውተር አረጋግጡ» ሲል «ሲስተም የለም»። በመካከሉ አንድ አይሱዙ ከኋላ መጣ። ሸራ የለበሰ ነው። አልቆመም ማለት ይቻላል። ገመዱ ወረደለት፣ አለፈ፣ ገመዱ ተመልሶ ተወጠረ። ሾፌሬ «እሱስ?» ሲል «አንተ የራስህን ጉዳይ ጨርስ» ተባለ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ረዳቱ የሆነ ነገር ጨብጦ ወርዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ያኔ ነው የተለቀቁት። ደረሰኝ? የለም።

ስለ ገንዘቡ አይደለም የምጽፈው። የእኔ ጥያቄ አይሱዙ ላይ ነው። ሸራው ሥር ጨርቅ ይሁን ጥይት ማን አየ? ሐምሌ 2014 ዓ.ም. አልሸባብ አፍዴር ዞን ጥሶ ገብቶ ነበር። ልዩ ኃይሉና መከላከያው መከቱት። ያኔ በቡድን መጥተው ተዋጉ፤ ተዋግተውም ተመቱ። በሚቀጥለው ግን ተዋግተው መግባት ለምን ያስፈልጋቸዋል? የሻይ ከፍሎ መግባት እያለ? ኬላ ላይ ጉቦ የሚቀበል ሰው ማንን እንዳስገባ አያውቅም። አለማወቁ ነው የተከፈለበት። ሽብርን ከሙስና ለይተን የምናየው ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አንዱ በመከላከያ መሥሪያ ቤት፣ ሌላው በሥነ ምግባር ኮሚሽን መዝገብ ተይዟል። መንገዱ ላይ ግን ሁለቱ በአንድ መኪና ነው የሚሄዱት።

ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው ይህን ነው።

ከሞቃዲሾ ጋር ስትነጋገሩ፣ ኢጋድ ላይም ሆነ አፍሪካ ኅብረት ላይ ስትቀመጡ፣ የወታደር ቁጥር ከመነሳቱ በፊት የወታደር ደመወዝ ይነሳ። ለምናሠለጥነው እያንዳንዱ የሶማሊያ ወታደር ደመወዙ በራሱ ሒሳብ ወይም በራሱ ስልክ መግባቱን እንጠይቅ። እዚያ ሰው ሻይ እንኳ የሚከፍለው በሞባይል ገንዘብ ነው፤ ቴክኖሎጂው የለም የሚባል ምክንያት አይሠራም። ልጆቻችን ደማቸውን ያፈሰሱበት ከተማ ሲረከብ ደግሞ የሚረከበው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። ዳኛው መቼ ይመጣል? ኬላው ላይ የሚቆመው ማነው? ክፍያው የተለጠፈው የት ነው? ይህን መጠየቅ በሰው አገር ጉዳይ ጣልቃ መግባት ከሆነ፣ ታንክ ይዞ መግባቱ ምን ሊባል ነው?

ሁለተኛው እኛው እጅ ላይ ያለ ነው። ከደወሌ እስከ ድሬ፣ ከቶጎ ውጫሌ እስከ ጅግጅጋና ሐረር፣ በየኬላው ሰሌዳ ይተከል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ። የሚከፈለው ይኼ ነው፣ የማይከፈለው ይኼ ነው፣ ታሽጎ የመጣ አይከፈትም፣ ካስከፈቱህ በዚህ ቁጥር ደውል። የሚደወልበት ቁጥር ደግሞ የሚነሳ ይሁን። ነፃ የንግድ ቀጠና ከተመረቀ ዓመታት ተቆጥረዋል፣ ባቡሩም ይሄዳል፣ መንገዱም ሰፍቷል። ገመዱ ላይ ያለው ሰው ካልተስተካከለ ግን ይህ ሁሉ ኮንክሪት ለኮንትሮባንዲስቱ ነው የሚመቸው፤ እሱ ወረፋ አይጠብቅም። ትንንሹን ነጋዴም አስቡበት። ከድንበር ማዶ ሁለት ካርቶን ይዛ የምትመጣ እናት ሕጋዊ በር ሲጠባት በጀርባ በር ትገባለች። በጀርባ በር የገባችበትን መንገድ ደግሞ ሌላም ሰው ይከተላታል።

ሦስተኛው ከባድ ነው፣ ግን እጽፈዋለሁ። ሶማሊያ ሄደው ያልተመለሱ ልጆቻችን ስንት እንደሆኑ ለሕዝብ በዝርዝር ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ሚስጥር የሚያስፈልግበት ጊዜ ነበረ ይባል ይሆናል። ከታኅሣሥ 1999 ጀምሮ ግን ብዙ ጊዜ አልፏል። እናት ልጇ የት እንደወደቀ፣ ለምን እንደወደቀ፣ የወደቀባት ከተማ ዛሬ በማን እጅ እንዳለች የማወቅ መብት አላት። ሞቃዲሾን «መዝገብ ያዙ» የምንል ከሆነ ይኸኛውንም መዝገብ መክፈት አለብን።

ከዚያ በተረፈ፣ ስለ ሶማሊያ ስትወያዩ ድሬዎችን ጥሩን። ሐረሮችንም፣ ጅግጅጋዎችንም። እዚህ ከተማ አንድ ሱቅ ውስጥ ሦስት ቋንቋ እየቀያየሩ የሚደራደሩ ነጋዴዎች አሉ። ባካራ ውስጥ ማን ለማን እንደሚከፍል፣ የትኛው መንገድ በየትኛው ሳምንት እንደሚዘጋ፣ የትኛው አዛዥ እንደሚበላና የትኛው እንደማይበላ ከየትኛውም ኤምባሲ ቀድመው ይሰማሉ። በመረጃ ሰጪነት እንዳትጠሯቸው ብቻ፤ እንደዚያ ከሆነ ማንም አፉን አይከፍትም። በነጋዴነታቸው ጥሯቸው፤ ሻይ አቅርቡላቸው፤ ያወራሉ።

ከመሥሪያ ቤታችሁ ሰው የምትልኩ ከሆነ ጠዋት ይምጣ። ከምሳ በኋላ ሙቀቱም አለ፣ በርጫውም አለ፤ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከማንም ጋር ቁም ነገር አይወራም። የትራንስፖርቱን ደረሰኝ ግን እንዳይረሳ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የድሬዳዋ ትራንዚተር
ከዚራ፣ ድሬዳዋ